ጉትቻው ከወለቀ በኋላ
የአንባቢያን የጤና ጥያቄና መልስ

ለዚህ የጥቅምት እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከጎጃም የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ የተበሳ አካል እንዲደፈን ሲፈለግ ምን ማድረግ እንደሚገባና ጠባሳው በምን እንደሚቀንስ ማወቅ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚያነሳ ሰፋ አድርገን መልሰንለታል።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከ3 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ስማር የግራ አፍንጫዬን ተበሳሁ። ከ8 ወር በፊት ደግሞ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ የቀኝ ጆሮዬን የላይኛውን ጠንካራ ክፍል አስበሳሁ። አፍንጫዬ ደኅና ነው። ጆሮዬ ግን እስካሁን በቅጡ አልዳነም፤ ከቀለበቱ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ወጥታለች፤ ሹሩባ ስሠራና በዚያ በኩል ስተኛ ያመኛል። ሠርጌ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ስለሆነ ሁለቱንም ማውለቅ እፈልጋለሁ። እናቴ ቀዳዳው ቶሎ እንዲደፈን ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ እንድለጥፍበት ትመክረኛለች፤ ጓደኛዬ ደግሞ ጠባሳ የሚያጠፋ ቅባት ግዢ ትለኛለች። እስከ ሠርጌ ይደፈንልኛል? ጠባሳ እንዳይቀርብኝስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ ወግ ማዕረግ አበቃዎት። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ከአሁኑ ይተዉት። እናትዎ ይህን የሚመክሩት ለእርስዎ ከማሰብ መሆኑን እንረዳለን፤ ሆኖም የተወቀጠ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በቆዳ ላይ ታስሮ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ በመርፌ የተከፈተችው ጠባብ ቀዳዳም በዚህ ምክንያት ሰፊ ጠባሳ ትሆናለች። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ቁስል በማጠብ ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት ወጣት የጆሮዋን ቀዳዳ በቡና ዱቄት ደፍና መጥታ ነበር። ዱቄቱ ከመግሉ ጋር ተጋግሮ እንደ ጥቁር ጠጠር ደርቋል። በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) የራሰ ጎዝ፣ ማለትም ስስ የቁስል ጨርቅ፣ እያስቀመጥን፣ እስኪርስ እየጠበቅን፣ ጥቂት በጥቂት ስናነሳው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ከሥሩ የጠበቀን ቁስልም ልጅቷ መጀመሪያ ከተበሳችው ቀዳዳ በብዙ ይሰፋ ነበር። ቀዳዳን የሚደፍነው ሰውነት ራሱ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ሥራውን ሲሠራ አለማወክ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ሁሉ ወደዚሁ የሚመለስ ነው።

ሁለቱ ቀዳዳዎችዎ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው። አካል ሲበሳ ሰውነት በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ቁስል ያየዋል። ብረቱ እዚያው ስለሚቆይ ግን ቁስሉ ሊገጥም አይችልም፤ በዚህ ጊዜ ቆዳው ከውጭና ከውስጥ ተነሥቶ የቀዳዳውን ግድግዳ እየተከተለ ያድጋል፤ ሁለቱ ጫፎች መሐል ላይ ሲገናኙም ቀዳዳው እንደ ቀሚስ እጅጌ ዙሪያውን በቆዳ የተሸፈነ ጠባብ መተላለፊያ ይሆናል። ተበስቶ የዳነ ማለት ይህ ነው። ለስላሳው የጆሮ ጫፍ እዚህ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል፤ አፍንጫ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ የላይኛው ጆሮና እምብርት ግን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊፈጁ ይችላሉ።

አፍንጫዎ 3 ዓመት ስለሞላው መተላለፊያው ሙሉ በሙሉ ቆዳ ለብሷል። ጌጡን ሲያወልቁ የሚድን ቁስል የለም፤ ቀዳዳው የሚሠራው ነገር ቢኖር መጥበብ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት በደንብ ይጠባል፤ የውስጠኛው አፉ ከውጭኛው ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል፤ በመጨረሻ ከላይ የምትቀረው እንደ ሰፋ ያለች የላብ ቀዳዳ የምትታይ ነጥብ ናት። አልፎ አልፎ ነጭና ሽታ ያለው ነገር ቢወጣ አይደንግጡ፤ የቆዳ ወዝና የረገፈ ቆዳ ድብልቅ ስለሆነ ፊትዎን ሲታጠቡ በለስላሳ ሳሙና አብረው ያጥቡት እንጂ በጥፍርዎ አይጭመቁት፤ የተጨመቀ ቀዳዳ ይቆጣል፤ ይጠቁራልም። ነጥቧ ጨርሳ እንድትጠፋ ሐኪም የመተላለፊያውን ቆዳ ቆርጦ ሊሰፋው ይችላል፤ ነገር ግን ነጥብን በመስመር መለወጥ ስለሚሆን ለአፍንጫ አንመክረውም። በሠርግዎ ቀን ሜካፕ የምትሠራዎት ባለሙያ በቀላሉ ትሸፍናታለች።

ጆሮው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የላይኛው የጆሮ ክፍል ልም አጥንት ነው፤ ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከላዩ ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ቀስ ብሎ የሚድነውም፣ መግል ሲይዝ ነገሩ የሚከፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእርስዎ ጆሮ ላይ ያለችው እብጠት እንደ ጻፉልን ከሆነ ጌጡ በመጎተቱና በመታሸቱ የተቆጣ ሥጋ ትመስላለች። ሹሩባ ሲሠራ ከቀለበቱ ሥር የተጠመጠመች አንዲት ፀጉር ቀኑን ሙሉ ቁስሉን ስትስብ ትውላለች፤ ሌሊት ደግሞ ትራሱ ይጫነዋል። የጌጡ ብረት ኒኬል ካለበትና እርስዎ ለኒኬል አለርጂ ካለብዎት ማሳከኩና ውሃ ማመንጨቱ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። እንዲህ ዓይነት እብጠት መንስኤው ሲወገድለት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ስለዚህ ለማውለቅ መወሰንዎ መልካም ነው።

ከማውለቅዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። ጆሮው ከቀላ፣ ሲነካ ከጋለ፣ ከላይ አብጦ የታችኛው ለስላሳ ጫፍ ብቻ ደኅና ከመሰለ፣ መግል ካለው ወይም ትኩሳት ከተሰማዎት፣ የልም አጥንቱ ሽፋን ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በራስዎ ምንም ሳያደርጉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ይህን በሽታ ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ሲሆን፣ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን አይበግረውም፤ ሐኪሙ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ሌላ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። በዘገየ ቁጥር ልም አጥንቱ እየሟሟ ጆሮው ቅርጹን ሊያጣ ይችላል፤ የተጨማደደ ጆሮን ማቃናት ደግሞ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው። መግል የያዘን ጌጥ በችኮላ ማውለቅም ጥሩ አይደለም፤ አፉ ቀድሞ ይዘጋና መግሉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ማውለቅ ካለበት ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ አይቶ ይወስናል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለ እጅዎን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ። ንጹሕ ጎዝ ለብ ባለ የጨው ውሃ ነክረው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቀለበቱ ላይ ያቆዩት፤ በብረቱ ዙሪያ የደረቀው ቅርፊት እስኪለሰልስ ይጠብቁ። ደረቅ ቅርፊት በቀዳዳው ውስጥ ሲጎተት እንደ መጋዝ ይቆርጣል፤ ብዙ ጠባሳ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የቀለበቱን መዝጊያ ኳስ ፈትተው ቀለበቱን ጠመዝማዛውን ተከትለው በእርጋታ ያውጡት። እምቢ ካለ በጉጠት አይታገሉት፤ በአቅራቢያዎ ያለ ነርስ ያወጣልዎታል። የጨው ውሃውን ከመድኃኒት ቤት በኖርማል ሳላይን ስም መግዛት ይሻላል። ቤት የሚያዘጋጁት ከሆነ ልኩ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው ነው፤ ይህም ከአፉ እኩል የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል ይሆናል። ጨው ሲበዛ ቁስሉን ያደርቀዋል፤ ያቃጥለዋልም። ያደረውን ይድፉት።

ጌጡ ከወጣ በኋላ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ በዚሁ ውሃ ወይም በለስላሳ ሳሙና ያጥቡት፤ በንጹሕ ጎዝ እየነካኩ ያድርቁት፤ ከዚያ ስስ ቫዝሊን ይቀቡት። ቁስል ደርቆ መሰንጠቅ የለበትም፤ ርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ፈጥኖ ይሸፈናል፤ ጠባሳውም ያነሰ ይሆናል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚያድገውንም ሥጋ ስለሚገድሉ አያስፈልጉም። አመድና እበት የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋሲ ሊኖርባቸው ስለሚችል ፈጽሞ አይነኩ። ክትባትዎን ካልጨረሱ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ያንሱት። የሙሽራ ፀጉር ቅቤ መቀባቱ ወግ ነው፤ ብቻ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ድረስ ቅቤው ወደዚያ ጆሮ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፤ ሹሩባ የምትሠራዎትንም ከቀኝ ጆሮዎ በላይ ያለውን ፀጉር ላላ አድርጋ እንድትጎነጉነው አስቀድመው ይንገሯት።

አሁን ወደ ጠባሳው እንምጣ። ቁስሉ ከላይ ሲገጥም ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ከሥር ግን ሰውነት ኮላጅን የተባለውን የሥጋ ክር እያፈረሰና እያደሰ 1 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በ3ኛው ወር ቀልቶ ወይም ጠቁሮ፣ ጠንከር ብሎ የሚታይ ጠባሳ በ12ኛው ወር ጠፍጥፎና ደብዝዞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በጥር ወር የሚያዩት ምልክት የመጨረሻው አይደለም።

ይህን ሥራ በእውነት ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ የሲሊኮን ጄል ወይም ፕላስተር ነው። የሚጀመረው ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ ብቻ ነው። ጄሉ በቀን 2 ጊዜ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ፕላስተሩ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ ሁለቱም ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ወር ሳይቋረጡ መቀጠል አለባቸው። ካጡት በቫዝሊን ይቀጥሉ። ቆዳው ከጠነከረ በኋላ በጣትዎ ጫፍ ጫን እያደረጉ በቀን 2 ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ማሸትም ጠንካራውን ጠባሳ ያለሰልሳል፤ እብጠቷ ካልጠፋች ግን እስክትጠፋ አይሹት። ሌላው ፀሐይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያጠቁረው ጨረር ይበረታል፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ አትምርም። አዲስ ጠባሳ ደግሞ ከሌላው ቆዳ ይልቅ ፈጥኖ ይጠቁራል። ለጆሮዎ ነጠላ ወይም ሻሽ ይበቃል፤ ለአፍንጫዎ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀቡ።

ጓደኛዎ የመከሩዎትን ቅባት በተመለከተ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አይግዙ። በየመደብሩ ጠባሳና ማድያት ያጠፋሉ እየተባሉ ከሚሸጡት ቅባቶች መካከል ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፤ ለጥቂት ሳምንት ፊትን አሳምረው ኋላ ቆዳውን ያሳሳሉ፤ የደም ሥሩን ያወጣሉ፤ ብጉር ያስከትላሉ። ለሙሽራ ፊት ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። የቫይታሚን ኢ ዘይትም ጠባሳ እንደሚያጠፋ አልተረጋገጠም፤ አንዳንዱን ሰው ጭራሽ ያሳክከዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ዛሬ ቢያወልቁት እስከ ሠርግዎ 3 ወር ገደማ ጊዜ አለዎት። የአፍንጫዎ ቀዳዳ ጠብቦ ከቅርብ ካልተመለከቱት በቀር አይታይም። የጆሮዎ ቀዳዳ ሊገጥም፣ እብጠቷም በብዙ ልትቀንስ ትችላለች፤ ጥቁር ምልክት ግን ሊኖር ስለሚችል የሠርግ ፀጉርዎን ጆሮውን ሸፈን በሚያደርግ አኳኋን ያሠሩት። በ6 ሳምንት ውስጥ እብጠቷ ካልቀነሰች ወይም ከጨመረች ሐኪም ይያት።

ጥያቄ፦ ከቡሬ የምጽፍ የ26 ዓመት ወንድ ነኝ። ቅንድቤን ከተበሳሁ 1 ዓመት ሆነኝ። አሁን ሁለቱ ቀዳዳዎች እየተቀራረቡ መጥተዋል፤ በመሐል ያለው ቆዳ ሳስቶ ብረቱ ከሥር ይታየኛል። ሕመም የለውም። ልተወው ወይስ ላውጣው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬ ያውጡት። ሰውነትዎ ብረቱን እንደ እሾህ ቆጥሮ ወደ ውጭ እየገፋው ነው። በቅንድብና በእምብርት ላይ ቆዳው በስሱ ስለሚበሳ ይህ በብዛት ያጋጥማል፤ ከተጀመረ በኋላም ወደ ኋላ አይመለስም። አሁን ሲያወጡት የሚቀሩት ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ ብረቱ ቆዳውን ቀዶ እስኪወጣ ከጠበቁ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር ይቀራል፤ በዚያ መስመር ላይም የቅንድብ ፀጉር ላይበቅል ይችላል። አወጣጡና አጠባበቁ ከላይ ለእህታችን እንደ ጻፍነው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አይበሱ፤ ጠባሳ የለበሰ ሥጋ ብረትን ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ ይገፋል።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው የምጽፍላችሁ። የ13 ዓመት ልጄ ባለፈው ዓመት ጆሮዋን ተበሳች። ቁስሉ ድኖ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከጆሮዋ ጫፍ ኋላ ጠንካራ እብጠት ወጣባትና ጉትቻውን ካወለቅንላት በኋላም እያደገ አሁን የባቄላ ፍሬ አክሏል። ያሳክካታል። ጎረቤቶች በፈረስ ጭራ ይታሰርና ይቆረጥ ይላሉ። ትምህርት ቤት ስትሄድ ሻሽ ካላሰረች አትወጣም፤ አሳዘነችኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ በጆሮዋ ማፈሯ እኛንም አሳዝኖናል፤ እርሷም እርስዎም ያጠፋችሁት ነገር እንደሌለ አስቀድመን እንንገርዎት። የገለጹልን እብጠት ኬሎይድ ይመስላል። ተራ ጠባሳ በቁስሉ ወሰን ውስጥ ይቀራል፤ ኬሎይድ ግን ወሰኑን አልፎ ደኅናውን ቆዳ እየወረሰ ያድጋል፤ ቁስሉ ከዳነ ከወራት በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ ጌጡን በማውለቅ ብቻም አይጠፋም። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይወርዳል። ከጨቅላነት ይልቅ ከ11 ዓመት ዕድሜ በኋላ በሚበሱ ልጆች ላይ በብዛት እንደሚታይም ይታወቃል።

የፈረስ ጭራውን በምንም ምክንያት እንዳይፈቅዱ አጥብቀን እንለምንዎታለን። ለኪንታሮት የሚደረገው ለዚህ አይሆንም። ኬሎይድ የሚበቅለው ከቁስል ስለሆነ፣ ያለ ሌላ ሕክምና ብቻውን ሲቆረጥ አዲሱ ቁስል አዲስ ኬሎይድ ያበቅላል፤ በሐኪም እጅ በንጽሕና ተቆርጦ እንኳ ብቻውን ከተተወ ከግማሽ ያላነሰው ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከቀድሞው ይበልጣል።

ሕክምናው ትራይአምሲኖሎን የተባለ መድኃኒት በእብጠቱ ውስጥ በመርፌ መስጠት ነው፤ በየ4 ወይም በየ6 ሳምንቱ እየተደገመ ለወራት ይቀጥላል። መርፌው ለጊዜው ያማል፤ ማሳከኩ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይተዋታል፤ ከዚያ እብጠቱ እየለሰለሰ ይጠፈጠፋል። ትልቅ ከሆነ ሐኪሙ ቆርጦ በዚያው መርፌውን ሊያስከትል፣ ጆሮውን ጫን የሚያደርግ ልዩ ጉትቻ ለወራት እንድታደርግም ሊያዝ ይችላል። ከሞጣ ሪፈር አጽፈው በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ካሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ይውሰዷት፤ አዲስ አበባ መሄድ የግድ ከሆነ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። እብጠቱ ትንሽ ሳለ መጀመር በጣም ይጠቅማልና የክረምቱን ዕረፍት አይጠብቁ። ሌላው ጆሮዋ ደኅና ቢሆንም ከእንግዲህ አካሏ ላይ ሌላ ቀዳዳ አይከፈት፤ ንቅሳትም ይቅርባት፤ ማንኛውም ሐኪም ሊሰፋት ወይም ሊቆርጣት ሲል ኬሎይድ እንዳለባት አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ደምበጫ ነው። ለዓመታት ከባድ የወርቅ ጉትቻ ሳደርግ የግራ ጆሮዬ ቀዳዳ ወርዶ ወርዶ ባለፈው ፋሲካ ተቀደደ። ጫፉ ሁለት ሆኖ ቀረ። አይገጥምም ወይ? ጉትቻው የእናቴ ነበርና መልሼ ባደርገው ደስ ይለኛል።

መልስ፦ እናታችን፣ በራሱ አይገጥምም፤ የሁለቱ ጫፎች ጠርዝ ለየብቻው ቆዳ ስለ ለበሰ ተጠጋግተው ቢታሰሩም አይያያዙም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ሐኪሙ ጆሮውን ብቻ አደንዝዞ የሁለቱን ጠርዝ ቆዳ በስሱ ይገፍፍና ይሰፋቸዋል፤ ተኝተው የማይታከሙበት፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ የሚወስድ ሥራ ነው። ክሩ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይወጣል። የስኳር በሽታ ካለብዎት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ስፌቱ ከዳነ በኋላ እንደገና ለመበሳት 6 ወር ይጠብቁ፤ በስፌቱ መስመር ላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ደኅና ሥጋ ላይ ይበሱ። ከዚያም ለዘወትር ቀለል ያለች ጉትቻ ያድርጉ፤ የእናትዎን ወርቅ ለበዓልና ለሠርግ አውጥተው ለጥቂት ሰዓት ያድርጉት፤ ማታ ሳይተኙ ያውልቁት።